የአስቴር ሱቅና እንደራሴው ሰውዬ

እሑድ

አሜሪካን አገር ሕግ ያወጣ የነበረ አንድ ሰውዬ አለ፤ ቁርጥ እኔን ነው። እኔ አላልኩም፣ መጽሐፉ ነው ያለው። እሺ፣ መልኩን አላየሁም፤ ፎቶው የነበረበት ገጽ ተቀዷል። ቁመቱም ይበልጠኝ ይሆናል፤ ከእኔ የሚያጥር ሰው ገና አልተወለደም። በሌላው ነገር ግን እኔው ነኝ። በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ሦስት ጊዜ «እንደ ራሴ» ይላል። ሲታተም ቃሉን አጣብቀውታል፤ ቦታ ለመቆጠብ ይሆናል። እኔ ግን ለያይቼ አነበብኩት። ለዚህ ነው የተማርኩት።

ጋሽ መስፍን የማታ ትምህርታችንን ሊጨርሱልን ነው። እሳቸው የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፣ አሁን ከተማው ውስጥ ዮቪል ይኖራሉ። እኛን ባለሱቆቹን ፊደል ሊያስቆጥሩ በታክሲ ተጭነው እዚህ ከከተማ ውጭ፣ የዙሉዎቹ ሰፈር ኦሬንጅ ፋርም ድረስ ይመጣሉ፤ በጸሎት ቤታችን ጓሮ ባለችው ክፍል እንማራለን። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እኛ ጴንጤ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሦስት ሆኑ?» ብላቸው፣ «አንተና እኔስ አምላካችን አንድ ከሆነ ለምን ሁለት ቦታ እንጸልያለን? ዝም ብለህ ጻፍ» አሉኝ።

ከሆሳዕና ገጠር ስወጣ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር። አሁን በአማርኛ፣ ያውም የእናቴ ቋንቋ ባልሆነ፣ የአሜሪካን ታሪክ አነባለሁ። እናቴ ብትሰማ «ማን አነበበልህ?» ነው የምትለኝ።

ለምረቃችን እያንዳንዳችን የአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት አንብበን፣ በራሳችን ቃል ጽፈን፣ በሚቀጥለው እሑድ በጉባኤ ፊት እናነባለን። እጃችን እንዲፍታታ ደግሞ የዕለት ማስታወሻ ያዙ ተብለናል። ይኸው ያዝኩ። ታሪኩን ጋሽ መስፍን ሽፋኑ ከወደቀ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ነው የሰጡን። ለአንዱ ንጉሥ ደረሰው፣ ለአንዱ መርከበኛ። ለእኔ ይሄ አሜሪካዊ። «ጋሼ፣ ቦክሰኛ የለም?» ብል፣ «የአንተም ሰውዬ ይማታል፣ በአፉ» አሉ። ስሙ በአማርኛ ሲጻፍ ግማሽ መስመር ይበላል። ስለዚህ ሰውዬው እለዋለሁ።

አሁን ወደ ጭንቁ።

ትናንት የጎጎ ኖምሳ ልጅ ተቀበረ። ጎጎ እዚህ አያት ማለት ነው፤ ጎጎ ኖምሳ የመንገዳችን ትልቅ ሰው ናቸው። ልጃቸው የታክሲ ሾፌር ነበር፤ ስንት ቀን እኔን ከነዕቃዬ ጭኖ አምጥቷል። ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ፤ አካፋ ተቀብዬ አፈር መለስኩ። ባለሱቁ ጓደኛዬ ኤርሚያስም ነበረ፣ ሌሎቹም የአገራችን ልጆች ባለሱቆች ነበሩ። እዚሁ መንገዳችን ላይ ሱቅ ያላት እህት አስቴር ግን አልመጣችም። አለመምጣቷስ ይሁን። አስከሬኑ በሱቋ ፊት ሲያልፍ ፍርግርጉን ዘግታ ውስጥ መዝሙር ከፍታ ነበር። ያውም ጭብጨባና እልልታ ያለበትን፤ ያውም እስከ መጨረሻው ድምፅ። ቀባሪው ሁሉ ዞሮ አየ። መዝሙር መሆኑን እነሱ በምን ያውቃሉ? ለሰሚው ሠርግ ነው።

ከቀብር መልስ ሰዎች ሄደው ሱቋን አዘጉት። በሞታችን የሚጨፍር ከእኛ ጋር አይኖርም አሉ።

ሰኞ

ባባ ኮፍያ መጣ፤ ኮፍያው ከራሱ ስለማይለይ እኛ ያወጣንለት ስም ነው። የመንገዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ በዕድሜ ብዙም አይበልጠኝም፣ ግን ያንን ኮፍያ ሲደፋ አባቴን ያክላል። ሻማ፣ ትልቁን እሽግ ጨውና ኤርታይም፣ የስልክ ካርድ ማለት ነው፣ ገዛ። ከዚያ አልሄደም። ደንበኛ ገዝቶ ካልሄደ ነገር አለ ማለት ነው።

«ማይ ፍሬንድ» አለኝ። እዚህ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ የሁላችንም ስም ማይ ፍሬንድ ነው። እኔም ማይ ፍሬንድ፣ ኤርሚያስም ማይ ፍሬንድ። ሲዘርፉን እንኳ «ማይ ፍሬንድ፣ እጅህን አንሳ» ነው የሚሉን።

ቅዳሜ ከሰዓት የመንገዱ ሰው ይሰበሰባል። አስቴር ትቆይ ወይስ ትሂድ፣ እጅ አውጥተው ይወስናሉ። ሂጂ ካሉ ዕቃዋን ጭና ትወጣለች፤ ቤቱን ያከራያት ሰውም ከጎረቤቶቹ ጋር አይጣላላትም። ከእኛ አንድ ሰው እንዲናገርላት ተፈቅዷል። «አንድ!» አለ ባባ ኮፍያ ጣቱን አቁሞ፤ «ባለፈው ሁላችሁም አንድ ላይ ጮኻችሁ፣ ማንንም አልሰማንም። ደግሞ በእኛ ቋንቋ ይሁን። እንግሊዝኛ ለፖሊስ ነው።»

«አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት።

«ትሂድ ነው የምለው። ለሌሎቹም ነግሬያለሁ» አለ። ፊት ለፊቴ። ጥሩ ነገሩ ሐሜት አያውቅም። መጥፎ ነገሩም እሱ ያለውን መንገዱ ሁሉ ይላል።

አስቴር ከዚህ ወዴት ትሄዳለች? ባሏ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ሁለቱ ልጆቿ አገር ቤት ከእናቷ ጋር ናቸው። ያቺ ሱቅ ናት ያለቻት።

ደንበኛ ሲሳሳ ስለ ሰውዬው አነበብኩ። ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሱቅ ነበረው፣ ምስማርና የፋኖስ ጋዝ ይሸጥ ነበር። ባለሱቅ! አላልኳችሁም? የመንደሩ ሰው ምስማር ሊገዛ ይመጣና በደሉን ነግሮት ይሄዳል። ኋላ መርጠው ላኩት። «በዋናው ከተማ ለብዙ ዓመት እንደ ራሴ ሆኖ ተቀመጠ» ይላል። እኔ እንኳ ብዙ አልቀመጥም፤ ወገቤን ያመኛል።

ማክሰኞ

ሱቆቻችንን ቀደም ብለን ዘጋግተን ኤርሚያስ ዘንድ ተሰበሰብን፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠን። ማን ይናገር? ኤርሚያስ እንግሊዝኛው እንደ ቧንቧ ነው፤ ዙሉው ግን ከሰላምታዋ ከ«ሳውቦና» አያልፍም። ሌላው ዙሉ ይችላል፣ ግን ሰው ፊት ሲቆም ያልበዋል።

«እኔ አለሁላችሁ» አልኩ። «በዙሉ ቀልጄ ጎጎዎቹን የማስቅ ማነው? ምላሴን እንደነሱ ቋ የማደርግ ማነው?»

«ብሮ፣ ችግሩ እሱ ነው» አለ ኤርሚያስ። «ሰው ሞቶባቸዋል፤ አንተ ታስቃቸዋለህ።»

ወጋኝ። እውነት ስለሆነ ነው የወጋኝ። አስቴርን ከባሏ ሞት በኋላ ያገኘኋት ቀን ሁሉ ቀልድ ነው የነገርኳት፤ ሌላ የምለው ስለማላውቅ።

ግን አልሸነፍ አልኩ። «የመጽሐፉ ሰውዬ ባለሱቅ ሆኖ አሜሪካን ካስተካከለ፣ እኔ አንድ መንገድ ያቅተኛል? ሰውዬው እንደ ራሴ ነበር! ተጽፏል!»

«የት ነው እንደዛ የሚለው?»

«ነገ ጸሎት ቤት ና። ጋሽ መስፍን ባሉበት ጮክ ብዬ አነብልሃለሁ።»

ሳቁ፤ ግን ሌላ ሰው ስለሌለ መረጡኝ። በአንድ ውል፦ ቀልድ የለም። «አንዲት ቀልድ ካመለጠችህ ኮትህን ይዤ ነው የምጎትትህ» አለ ኤርሚያስ። ኮት የለኝም አልኩት። ሁሉም አፈጠጡብኝ። እሷም ቀልድ ነበረች ለካ።

ረቡዕ

ዛሬ ምንም አልጽፍም ብዬ ነበር።

ኤርሚያስ መጣ። ሌሎቹንም ይዞ መጣ። ተነሥቼ ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩ፤ «ሰውዬው ለብዙ ዓመት እንደ፣ ራሴ፣ ሆኖ አገለገለ።» ከዚያ ዞር ብዬ ኤርሚያስን አየሁት፣ ሰማህ ለማለት።

ጋሽ መስፍን መነጽራቸውን አወለቁ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ያመማቸው መስሎኝ ውኃ ላመጣ ነበር። ለካ ሳቅ ነው።

«ሃንዲሶ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፤ «አንድ ቃል ነው። እንደራሴ። እንደራሴ ማለት ሰው የወከለው፣ በሌላው ቦታ ቆሞ የሚናገር ማለት ነው። ዛሬ ተወካይ እንላለን። ድሮ እንደራሴ ይባል ነበር።»

«አንተን አላለም ማለት ነው?» አለ ኤርሚያስ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የምንማርባት ክፍል ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ሳቁ ተመልሶ ከላይ ወረደብኝ። እኔ ሰው ማሳቅ እወዳለሁ፤ ሳላስበው ሲሳቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በሰፈሩ ሱቅ ሁሉ ከእንግዲህ ስሜ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ገና ከበሩ ስወጣ «ደህና እደር፣ እንደ ራሴ!» ተባልኩ።

ሌሎቹ ሲሄዱ ጋሽ መስፍን ያዝ አደረጉኝ። «ቃሉ ከየት የመጣ ይመስልሃል? ንጉሥ ሰው ሲልክ፣ ይሄንን ሰው ስትሰሙት እኔን እንደሰማችሁ ቁጠሩት፣ እንደ ራሴ ነው ማለቱ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስጽፈው አንድም ቀን ለሁለት ሰንጥቄ ውስጡን አላየሁትም። ዛሬ በአንተ ስህተት አየሁት» አሉ። ሊያጽናኑኝ ነው፤ ጥሩ ሰው ናቸው።

መንገድ ላይ ግን ነገሩ እግሬን ያዘው። «እንደ ራሴ» የሚለው ሰውዬው አይደለም ማለት ነው። የላከው ነው የሚለው። እኔ ስለ አስቴር ልናገር ነው። አስቴርስ እኔን «እንደ ራሴ» ብላለች? እንዲያውም ማን ጠየቃት? ሳጥን ላይ ተቀምጠን ስለሷ ስንመክር አንዳችንም እሷን አልጠራናትም።

ሐሙስ

ከምሳ በኋላ ወደ አስቴር ሄድኩ። በጓሮ በኩል ነው የገባሁት፤ የፊቱ ተዘግቷል። ሱቋ ጨልሟል። ዳቦው ሻግቷል፣ ሽታው ከበሩ ይቀበላል። እሷ የሩዝ ከረጢት ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ቅዳሜ የምናገርልሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

«ማን ላከህ?»

«እነ ኤርሚያስ።»

«እኔስ? እኔ ልኬሃለሁ?»

መልስ አጣሁ። እኔ! ቀኑን ጻፉልኝ።

«ወንድም ሃንዲሶ» አለች፣ «አንተ ክፉ አይደለህም። ግን ቀልደኛ ነህ። እዚያ ወስደህ መሳቂያ ታደርገኛለህ።»

ምን ልበላት? የትናንቱን ነገርኳት። እንደ፣ ራሴ፣ ብዬ እንዴት እንዳነበብኩ፣ ኤርሚያስን እንዴት ዞሬ እንዳየሁት፣ ሁሉንም። መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ አመለጣት። ባሏ ከሞተ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ሆዷን ይዛ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። ከመደርደሪያዋ ሶፍት አውርጄ ሰጠኋት።

ስትረጋጋ ነገረችኝ። ባሏ የሞተ ጊዜ እኛ ሁላችን አዋጥተን አስከሬኑን አገር ቤት ላክን። እሷ የመኖሪያ ወረቀቷ አላልቅ ብሎ ቀረች፤ ከወጣች መመለስ አትችልም። ኤርፖርት ድረስ ሸኘችው፤ ሳጥኑን ግን በዕቃ መግቢያ በኩል ነው የወሰዱት፣ አላየችውም። ልጆቹ ሲቀብሩት በስልክ ለቅሶውን ሰማች። ኔትወርኩ መሃል ላይ ተቆረጠ።

«ያን ቅዳሜ መኪናው በደጄ ሲያልፍ፣ ሴቶቹ ሲያለቅሱ፣ ያ ስልክ ነው የመጣብኝ» አለች። «እንዳልሰማ ብዬ ነው መዝሙሩን የከፈትኩት። እጄ ላይ የመጣውን ከፈትኩ። ጭብጨባ ይኑረው ለቅሶ ይኑረው አላየሁም።»

አንተ እዚያው መንገድ ላይ ትኖራለህ ሃንዲሶ፣ አልኩ በሆዴ፤ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሃት ታውቃለህ?

«ራስሽ መጥተሽ ብትነግሪያቸው?» አልኳት።

«እዚያ ከቆምኩ እግሬ ይከዳኛል።» ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ «በል ሂድ። እንደ ራሴ ሁን። ግን ሁለት ነገር። እንዳታስቃቸው። እንዳታስለቅሳቸውም። ለማኝ አታድርገኝ» አለች።

ማሳቅም የለም፣ ማስለቀስም የለም። ታዲያ ምን ቀረኝ? ሰላምታ?

ዓርብ

የሚያስፈሩኝ ነገሮች፦ ባባ ኮፍያ። ኤርሚያስ ከኋላ ቆሞ ሲያየኝ። ይቅርታ የሚለው የዙሉ ቃል፤ መሃሉ ላይ ምላስ ቋ ማለት አለበት፣ አፌ ሲደርቅ ቋ አይልም። ጎጎ ኖምሳ። ከሁሉ በላይ ጎጎ ኖምሳ።

አንዲት ደንበኛዬን «እንደ እኔ፣ እንደ ራሴ» በእናንተ ምን ይባላል አልኳት። «ንጄንጋሚ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ስኳር እየሰፈርኩ ንጄንጋሚ፣ ንጄንጋሚ ስል ዋልኩ። አንዱ ሰውዬ አዲስ ሳሙና መስሎት «ስጠኝ እስቲ ልየው» አለ።

የሰውዬውን ታሪክ ጨረስኩ። እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሊናገር ሲነሣ ድምፁ አልወጣም፤ ሌሎቹ አዛጉ፣ አንዱ ተኛ። ብዙ ዓመት ትልቅ ነገር አልሠራም። ባቡር መንገድ የሚያቋርጥበት ቦታ ሁሉ መብራት ይሰቀል፣ ሰው እየተገጨ ነው ብሎ ሕግ አቀረበ፤ ጣሉበት። ደግሞ አቀረበ፣ ደግሞ ጣሉበት። ከዚያ የመንደሩ ሰዎች ከሌላ አገር መጥተው ሐዲድ የሚዘረጉትን ሠራተኞች ክረምት ሳይገባ ከቤታችን ይውጡልን አሉ። እሱ ተነሥቶ የት ይሂዱ ብሎ ተከራከረላቸው። ድምፁ ያን ቀን ወጣ። በሚቀጥለው ምርጫ የገዛ መንደሩ ጣለው። የመብራቱ ሕግ ያለፈው እሱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ስሙንም ያነሣው የለም።

በባቡር ተመልሶ መጣና ሱቁን ከፈተ። መጀመሪያ የገባው ደንበኛ እሱን ለመጣል ቤት ለቤት የዞረው ሰው ነው። ምንም አልተባባሉም። ሰውየው ጨው ገዝቶ ሄደ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። ታላላቅ ሰዎች ከሚባሉት መሃል ይሄን ማን እንዳስገባው አላውቅም። ለእኔ ግን ከንጉሡም ከመርከበኛውም ይበልጥብኛል።

ቅዳሜ

ገና ከስብሰባው መመለሴ ነው፣ በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ካላማረ ለዚያ ነው።

ስብሰባው ትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ሴቶቹ ወንበር ላይ፣ ወንዶቹ ቆመው፣ እኛ ከአጥሩ ጋር ተለጥፈን። ጎጎ ኖምሳ ጥቁር ለብሰው መሃል ተቀምጠዋል። ባባ ኮፍያ «ማይ ፍሬንድ፣ ዛሬ አትሸጥልንም፣ ተናገር» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ኤርሚያስ ሲደነግጥ በዓይኔ አየሁት።

ሳኒቦናኒ ብዬ ሁሉንም ሰላም አልኩ። መለሱልኝ። ከዚያ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። ሁሉም! ምን ያህል ቆሜ ቀረሁ? እንጃ። የሰውዬው ድምፅ አልወጣም የሚለው ትዝ አለኝ። እኔ እንኳ የሚያዛጋ ሰው አላየሁም፣ እሱም አንድ ነገር ነው።

«በአገሬ ቋንቋ አንድ ቃል አለ» ብዬ ጀመርኩ፤ «ስለ ሌላ ሰው እንዲናገር የተላከ ሰው ንጄንጋሚ ይባላል። እንደ ራሴ። ስለዚህ ዛሬ የምትቆጡት እኔን ነው። ያን ቀን ፍርግርጉን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ድምፁን የጨመርኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ነገርኳቸው። ባሌ ሞተ፣ ሳጥኑን አላየሁም፣ በስልክ ቀበርኩት አልኩ። ወንድ ሆኜ «ባሌ» ስል አንዱ ሊስቅ ጀመረ፣ ጎጎ ኖምሳ ዞር ብለው ሲያዩት ሳቁን ዋጠው። መዝሙሩ ጭፈራ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ጆሮዬን መድፈኛ ነበር አልኩ። ከዚያ ያንን ይቅርታ የሚለውን ቃል ተናገርኩ። ምላሴ ቋ አለ! ጥርት ብሎ!

ማንንም አላሳቅኩም። ማንም አላለቀሰም።

ጎጎ ኖምሳ «ለምን ራሷ አልመጣችም?» አሉ።

ላሳምር አሰብኩ። ከዚያ «ፈርታ ነው ጎጎ። እኔም ፈርቼ ነው የመጣሁት» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ይሁን እምቢ ይሁን አላወቅኩም። ባባ ኮፍያ ግን ተነሥቶ ቃሌ ቃል ነው አለ፤ ያዘነ ሰው ከሌላ ያዘነ ሰው ጋር ያለቅሳል እንጂ ራዲዮ አይከፍትም አለ። ሰው «እውነት ነው» አለ። እውነትም ነው። ተሸነፍን አልኩ።

ያኔ ነው ሳላስበው የሰውዬውን ታሪክ የነገርኳቸው። ስለ ሐዲድ ሠራተኞቹ፣ ስለ ምርጫው፣ በባቡር ስለ መመለሱ፣ ስለዚያ የመጀመሪያ ደንበኛና ስለ ጨው። ለምን እንደነገርኳቸው አትጠይቁኝ። ለሱ ስሟገት የነበረ ይመስለኛል። አንዷ ጎጎ «ጨው ብቻ? ሌላ አልገዛም?» ብላ ጠየቀች። ጨው ብቻ አልኩ።

እጅ ተቆጠረ። ጎጎ ኖምሳ እጃቸውን ይከፈት ለሚለው አወጡ። ከሳቸው በኋላ ሌሎችም። ባባ ኮፍያ ትሂድ ለሚለው አወጣ፣ ብዙ ሰውም ከሱ ጋር። ለጥቂት አለፍን። ኤርሚያስ ጀርባዬን ሊሰብረው ነበር።

ባባ ኮፍያ መዝጊያ ላይ እንዲህ አለ፦ «ሱቁ ይከፈት ተብሏል። ግዙ ግን አልተባለም። እኔ አልገዛም።»

ስንቱ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁ። ሰው የማይገባበት ሱቅ ምኑ ክፍት ነው?

እሑድ

ተመረቅን። በጉባኤ ፊት አነበብኩ። «እንደራሴ» ላይ ስደርስ በአንድ ትንፋሽ አልኩት፤ ከኋላ እነ ኤርሚያስ «አሜን!» አሉ፣ እነዚያ ጉዶች። ጋሽ መስፍን ያንን አሮጌ መጽሐፍ ይዘው ከፊት ተቀምጠው በጣታቸው መስመር እየተከተሉ ያዳምጡ ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ ጣታቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ። ሲጨብጡኝ ብቻ እጄን ከሌሎቹ ይልቅ ትንሽ አቆዩት።

አስቴር አልመጣችም። ሱቁን ስታጥብ ዋለች። የሻገተውን ዳቦ ጥላ አዲስ አዘዘች። ብዙ እንዳታዝዢ ልላት ነበር፤ ተውኩት።

ሰኞ

ሱቄን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ጠዋት አስቴር ዘንድ ሄድኩ። ፍርግርጉ ተከፍቷል። ዳቦው ትኩስ ነው። ሰው የለም።

ሰው በፊት ለፊታችን ያልፋል፣ ሰላም ይላል፣ ኤርሚያስ ዘንድ ሄዶ ይገዛል። ኤርሚያስ አፍሮ «ዳቦ አልቋል» ማለት ጀመረ፤ ወደኛ ይመጣሉ ብሎ። ወደሚቀጥለው መንገድ ሄዱ። አስቴር መደርደሪያውን ጠረገች። ደግማ ጠረገች። ቀልድ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት።

ፀሐይዋ ስትጠነክር ኮፍያው መጣ። መጀመሪያ ኮፍያውን ነው ያየሁት። በሩ ላይ ቆመ። አስቴር መጥረጊያዋን ይዛ ተነሣች፣ ሊያስወጣት የመጣ መስሏት።

ባባ ኮፍያ እሷን አላየም። እኔን አየኝ። «ማይ ፍሬንድ፣ ያ አሜሪካዊ ያልከው። ያ ሊጥለው የዞረው ሰውዬ መጥቶ የገዛው ምን ነበር?»

«ጨው» አልኩ።

ወደ አስቴር ዞረ። «ሲስ» አላት፣ እህቴ እንደማለት፣ «ጨው ስጪኝ።»

ሰጠችው። በሁለት እጇ። እሱም በሁለት እጁ ተቀበለ። ሌላ ቃል አልተባባሉም። ከሱ በኋላ አንዲት ሴት ለዳቦ መጣች። ከዚያ ሁለት። ነገ ይመጡ እንደሆነ እንጃ። ዛሬ መጡ።

ባባ ኮፍያ ቤት ጨው አላለቀም። የዛሬ ሳምንት ከእኔ ሱቅ ነው የገዛው፣ ትልቁን እሽግ፣ እዚሁ ላይ ጽፌዋለሁ። ያንን ሁሉ ጨው ምን እንደሚያደርገው አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ልናገር፣ ጋሽ መስፍን ይሄን ካነበቡ ለማንም እንዳይሉብኝ። መጽሐፉ «ተመልሶ ሱቁን ከፈተ» ብሎ ነው የሚያበቃው። ከዚያ በኋላ ነጭ ወረቀት ነው። ዓርብ ዕለት ሰውዬው ባዶ ሱቅ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ሲቀር አላስችል አለኝ። መጀመሪያ የገባ ደንበኛ የለም። ጨዉን የጨመርኩት እኔ ነኝ።